የሐዲዱ ሠራተኞች፦ ስለ ኤድዋርድ ዘመን የብሪታንያ ባቡር የተደረገ ምልልስ

አድናቂ፦ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን፣ ማለትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1901 እስከ 1910 ድረስ፣ የብሪታንያ የባቡር መስመር ከአየርላንዱ ጋር ሲደመር 37,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ከ600,000 በላይ ሰው በኩባንያዎቹ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። መንገደኛው ከእነዚህ ሁሉ የሚያውቀው ሾፌሩን፣ ትኬት ቆራጩንና ሻንጣ ተሸካሚውን ነው። አካፋውን ተደግፎ ባቡሩ እስኪያልፍ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ግን በመስኮት አይቶት ወዲያው ይረሳዋል። ያ ሰው የሐዲድ ሠራተኛ ነው። መስመሩ በሙሉ ተሸንሽኖ ለትንንሽ ቡድኖች ተደልድሎ ነበር። አንድ ቡድን ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፤ አዛዡ አንድ ካቦ ነው፤ ድርሻው ባለ ሁለት መንገድ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካቦው ወይም ምክትሉ በየማለዳው መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ድርሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ያዳርሳል። የብሪታንያ ባቡር ደኅንነት መሠረቱ ይህ የማለዳ ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል።

ተጠራጣሪ፦ ሥራው እንደተገለጸው መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ክብሩ ነው። በኩባንያዎቹ የደመወዝ መዝገብ የሐዲድ ሠራተኛው ስም ከታችኞቹ እርከኖች አንዱ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ የሚከፈለው በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ ነው፣ በገጠር ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። የደኅንነት መሠረት የተባለ ሰው እንዲህ ሲከፈለው ከሁለት አንዱ እውነት መሆን አለበት። ወይ ሥራው ማንም ጉልበት ያለው የሚሠራው ተራ ሥራ ነበር፣ ወይ ደግሞ ኩባንያዎቹ የሙያውን ዋጋ እያወቁ አልከፈሉም።

አድናቂ፦ ተራ ሥራ አለመሆኑን ለማየት ሐዲዱ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያሻል። በዘመኑ በብሪታንያ የተለመደው ሐዲድ እንደ ሌላው ዓለም ከሥር ሰፊ እግር ያለው አልነበረም። ከላይም ከታችም ወፍራም ራስ ያለው፣ በራሱ መቆም የማይችል ብረት ነው። ስለዚህ በየአግዳሚው እንጨት ላይ ቀልጦ በተሠራ መያዣ ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ የአንዱ መያዣ ክብደት 20 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አግዳሚው አብዛኛውን ጊዜ ከባልቲክ አገሮች የመጣ፣ እንዳይበሰብስ ክሪዮሶት የጠጣ የጥድ እንጨት ነው። ሐዲዱን ከመያዣው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ በመዶሻ የሚገባ የኦክ እንጨት ሽብልቅ ነው። አግዳሚዎቹ በ75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ስለሚደረደሩ፣ ባለ ሁለት መንገድ በሆነ 4 ኪሎ ሜትር ላይ 20,000 ያህል ሽብልቅ ይኖራል። በበጋ ድርቀት ሽብልቁ ይኮማተርና ይላላል፣ ብዙም ከወደቀ ሐዲዱ ይንቀሳቀሳል። የማለዳው መዶሻ ሥራው ይህን መፈለግና መልሶ ማጥበቅ ነው።

ይህ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሐዲድ ከሐዲድ የሚገናኘው በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶችና በአራት ብሎኖች ሲሆን፣ በመካከሉ ብረቱ በሙቀት ሲረዝም የሚገባበት ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ከጠበበ በሞቃት ቀን ሐዲዱ ይጎብጣል፤ ከሰፋ ደግሞ የያንዳንዱ ጎማ ምት የሐዲዱን ጫፍ እየቀጠቀጠ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ያሰምጣል። የሰመጠውን ቦታ ካቦው የሚያገኘው በዓይኑ ነው። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ወደ ብረቱ አስጠግቶ፣ በሐዲዱ ርዝመት አሻግሮ ያይና ጥቂት ሚሊ ሜትር የወረደችውን ስፍራ ለይቶ ያሳያል። ሌሎቹ አግዳሚውን በድጅኖ አንሥተው ጠጠር ከሥሩ ይጠቀጥቃሉ። ኩርባ ሲሆን የውጭው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከፍታው ባቡሮቹ በሚያልፉበት ፍጥነት ይወሰናል። ዝናብ ሲጥል ውኃው የት እንደሚቋጠር፣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው የድንጋይ ድልድይ በውርጭ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው እዚያው የኖረ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ከአባት ለልጅ፣ ከአሮጌ ካቦ ለጀማሪ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው፤ መጽሐፍ አልነበረውም ማለት ዕውቀት አልነበረም ማለት አይደለም።

የዚህ ሙያ አቅም ከዘመኑ ጥቂት ቀደም ብሎ በግንቦት 1892 በገሃድ ታይቷል። ግሬት ዌስተርን የተባለው ኩባንያ ከኤክሰተር ከተማ በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ ሐዲድ ወደ መደበኛው ስፋት ሲያጠብ፣ ከ4,000 በላይ የሐዲድ ሠራተኞች ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለወጡ። ሰኞ ጠዋት ባቡር ሄደበት። ይህን የቀን ጉልበት ሠራተኛ ሥራ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው የመጀመሪያው አማራጭ ወደቀ፤ ሥራው ሙያ ነበር። የቀረው ሁለተኛው ነው፣ እሱም የባሰ ነው። ሲቦም ራውንትሪ በ1901 ስለ ዮርክ ከተማ ድህነት ባሳተመው ጥናት፣ ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ሰውነቱን ብቻ ጠብቆ ለመኖር በሳምንት 21 ሽልንግ ከ8 ፔኒ እንደሚያስፈልገው አስልቷል። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው። ዮርክ ራሷ የባቡር ከተማ ነበረች። ራውንትሪ በዚህ ስሌቱ ለጋዜጣ፣ ለመጠጥ፣ ለልጅ መጫወቻ ሳንቲም አላስቀመጠም፤ ለባቡር ትኬትም እንዲሁ። ሐዲዱን በመዶሻው ያጸና ሰው፣ ቤተሰቡን በልኩ ላብላ ካለ፣ በዚያው ሐዲድ ላይ ከፍሎ መሳፈር አይችልም ነበር ማለት ነው።

አድናቂ፦ ደመወዝ ከአካባቢው ተነጥሎ አይመዘንም። አብዛኛው የሐዲድ ሠራተኛ የገጠር ሰው ነው። በመንደሩ ያለው ሌላ አማራጭ የባለ ርስት ተቀጣሪ ሆኖ ማረስ ነበር፤ እሱም ብዙ ቦታ ከዚህ ያነሰ ይከፈላል፣ ከአዝመራ በኋላም ሥራው ይቀዘቅዛል። የባቡር ሥራ ግን ክረምት ከበጋ አይቋረጥም። ብዙዎች በአነስተኛ ኪራይ የኩባንያ ቤት ያገኙ ነበር፤ በመስመሩ ዳር ድንችና ጎመን የሚተክሉበት ቁራሽ መሬትም አልታጣም። በአሮጌ አግዳሚ እንጨት የተሠራች፣ ምድጃ ያላት ጎጆ በየድርሻው ነበረች፤ ምሳ የሚበላው፣ ዝናብ የሚጠለለው፣ ወሬ የሚለዋወጠው እዚያ ነው። ከዚህም ሌላ የራሱ የሚለው መስመር ነበረው። አንዳንድ ኩባንያዎች በየዓመቱ ምርጥ ሆኖ ለተያዘ ድርሻ ሽልማት ይሰጡ ስለነበር፣ ቡድኖቹ አረሙን በእጅ እየነቀሉ፣ የጠጠሩን ጠርዝ በገመድ እያስተካከሉ፣ ቁጥቋጦውን እየከረከሙ ይፎካከሩ ነበር። ሰው ለገንዘብ ብቻ ሲሠራ እንዲህ አያደርግም።

ተጠራጣሪ፦ የተነሣው ነጥብ እውነት ነው፤ ግን ሁለት ስለት አለው። ኩባንያው ደመወዙን የሚተምነው ሥራው ከሚጠይቀው ሙያ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ በለንደን ዳርና በገጠር የአንድ ዓይነት ሥራ ክፍያ ባልተለያየ ነበር። የተለያየው ኩባንያው ራሱን ከገበሬው አሠሪ ጋር ስላወዳደረ ነው፤ ከገበሬው ሻል ብሎ መክፈል ይበቃው ነበር። የኩባንያ ቤትም በረከት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ያጣ ሰው በዚያው ሳምንት ጣሪያውንም ያጣል። ሽልማቱም ቢሆን የሥራ ፍቅርን በርካሽ የሚገዛ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ሰው ለሥራው ያለው ፍቅር እውነተኛ መሆኑ፣ ያ ፍቅር አልተበዘበዘም ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሞት ያልተነሣ ነገር አለ። በ1901 በብሪታንያ በባቡር አደጋ የሞተ መንገደኛ አልነበረም፤ አንድም። ጋዜጦችም ኩባንያዎችም ሊኮሩበት የሚገባ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞች በሥራ ላይ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል የሐዲድ ሠራተኞች ብዙ ነበሩ። አሟሟታቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በአንዱ መንገድ ላይ ባቡር ይመጣል፤ ሰዎቹ ሲሸሹ ወደ ሁለተኛው መንገድ ይሻገራሉ፤ የመጀመሪያው ባቡር ድምፅና እንፋሎት ከወዲያ የሚመጣውን ይሸፍነዋል። በዋሻ ውስጥ፣ በነፋስ ቀን፣ በጉም፣ ጎንበስ ብሎ መዶሻ ሲመታ ደግሞ መስማትና ማየት ይበልጥ ይከብዳል።

አድናቂ፦ ይህን ያህል ሰው መሞቱን አገሩ ዝም ብሎ አላየውም። ስለ ሠራተኞች አደጋ የተቋቋመው ንጉሣዊ ኮሚሽን ከመረመረ በኋላ በ1900 የባቡር ሠራተኞችን አደጋ ለመከላከል ልዩ አዋጅ ወጣ። በአዋጁ መሠረት የንግድ ቦርድ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ1902 ደንቦች አወጣ። ከደንቦቹ አንዱ በቀጥታ የሐዲድ ሠራተኞችን ይመለከታል፤ ሐዲድ ሲታደስ ወይም ሲጠገን፣ አደጋ ሊደርስ በሚችልበት ሁኔታ ሁሉ፣ ባቡር ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ጠባቂ ወይም መሣሪያ ኩባንያው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ቀደም ሲልም በ1897 የወጣው የካሳ አዋጅ የባቡር ሠራተኛን ይሸፍን ነበር። ሠራተኛው ከሞተ ቤተሰቡ የሦስት ዓመት ደመወዙን ወይም 150 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ እስከ 300 ፓውንድ ድረስ ያገኛል። ከተጎዳም የደመወዙን ግማሽ በየሳምንቱ ይቀበላል። የማን ጥፋት መሆኑን በፍርድ ቤት ማስረዳት ሳያስፈልገው መካሱ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ «አደጋ ሊደርስ በሚችልበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አደጋ ሊደርስ መቻል አለመቻሉን በየዕለቱ፣ በየቦታው የሚፈርደው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ካቦው ራሱ ነው። አራት ሰው ያለበት ቡድን አንዱን ጠባቂ አድርጎ ካቆመ ከጉልበቱ ሩቡን አጣ ማለት ነው። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ ከላይ ያለው ተቆጣጣሪም የተጠገነውን አግዳሚ እንጂ ያልደረሰውን አደጋ አይቆጥርም። ስለዚህ ካቦው በየቀኑ በራሱ ሰዎች ሕይወትና በሥራው መጠን መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል። ይህን ምርጫ በእሱ ላይ የጣለው ደንቡ የተጻፈበት መንገድ ነው። በማለዳ ብቻውን ድርሻውን የሚዞረው ሰውማ ጠባቂ የሚባል ነገር የለውም፤ ጠባቂው የራሱ ዓይንና ጆሮ ነው። በሳምንት አንድ ፓውንድ የሚያገኝ ሰው የሦስት ዓመት ደመወዙ 156 ፓውንድ ነው። የካሳው ዋጋ በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሟቹ በሕይወቱ ርካሽ እንደነበረ በሞቱም ርካሽ ሆኖ ይቀራል።

አድናቂ፦ ስለ ጉም ከተነሣ ሌላም የሚነገር አለ። የብሪታንያ የክረምት ጉም ከከተሞቹ የከሰል ጭስ ጋር ሲደባለቅ ሾፌሩ የምልክቱን ክንድም መብራትም ማየት ይሳነዋል። ያን ጊዜ የሐዲድ ሠራተኞች ከአልጋቸው ይጠራሉ። እያንዳንዱ በተመደበለት ምልክት ሥር፣ እሳት አንድዶ፣ ትንሽ ዳስ ካለችው በዳሷ ተጠልሎ ይቆማል። ምልክቱ «ቁም» ካለ ሐዲዱ ላይ የማስጠንቀቂያ ርችት ያስራል፤ ጎማው ሲጨፈልቀው ርችቱ ይፈነዳል፣ ሾፌሩም ሳያይ ይሰማል። መንገዱ ሲከፈት ርችቱን ያነሣና በእጅ መብራቱ ያሳልፋል። ርችቱን በ1841 የፈለሰፈው ኤድዋርድ ካውፐር ነው፤ ለስድሳ ዓመታት በየጉሙ ሌሊት ሥራ ላይ ያዋሉት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው። በለንደን ዙሪያ ወፍራም ጉም በወረደ ቀን ባቡሮች ጨርሰው ያልቆሙት በእነሱ ምክንያት ነው። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው ንቃት ላይ የሚጥል ኩባንያ ሰውየውን ያምነዋል ማለት ነው፤ እምነትም ክብር ነው።

ተጠራጣሪ፦ እምነቱ የተሰጠው ሙሉ ቀን ጠጠር ሲጠቀጥቅ ውሎ ወደ ቤቱ ለገባ ሰው ነው። ጉሙ ካልተነሣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ያድራል፤ ርችቱን ለማሰርና ለማንሣትም በማይታይ ባቡር ፊት ሐዲዱ ላይ መጎንበስ አለበት። በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ መኖሩ ታይቷል። ግሬት ዌስተርን በ1906 በሄንሊ ቅርንጫፍ መስመር፣ በሐዲዶቹ መካከል በተዘረጋ ብረትና በኤሌክትሪክ አማካይነት ሾፌሩን በደወልና በፉጨት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ተከለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዋናው መስመሩ አስገባው። ከዚያ በኋላ በእነዚህ መስመሮች በጉም ሰው ማቆም አስፈላጊነቱ ቀነሰ። አንዳንድ ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ዘዴ ሞክረዋል፤ አብዛኛው የአገሪቱ መስመር ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት በሰውና በርችት ቀጠለ። መሣሪያው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰውየው ግን አስቀድሞ የተቀጠረ ነው፣ የሌሊቱ ትርፍ ክፍያም ትንሽ ነው። ሰው ርካሽ ሲሆን መሣሪያ ውድ መስሎ ይታያል።

አድናቂ፦ ኩባንያዎቹ ለምን እንደዘገዩ ብዙ ምክንያት አለ፤ የአንዱ ኩባንያ ሞተር በሌላው መስመር ላይ ይሮጥ ስለነበር አንድ ወጥ መሣሪያ ላይ መስማማት ቀላል አልነበረም። ይህ ለጊዜው ይቆይ። የሐዲድ ሠራተኛው ሥራ የሚመዘነው በመጨረሻ ሐዲዱ በመቻሉ ነው። ዘመኑ የፍጥነት ዘመን ነበር። በ1904 «ሲቲ ኦፍ ትሩሮ» የተባለችው ሞተር ከፕሊመዝ ፖስታ ይዛ ስትወርድ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች ተብሎ ተመዘገበ። ልኩ አሁንም ቢያከራክርም ሐዲዱ እንደቻላት አያከራክርም። ሞተሮቹ በየዓመቱ ይከብዱ ነበር፣ ሠረገሎቹ ይረዝሙ ነበር። ከዚያ ሦስት ታላላቅ አደጋዎች ተከታተሉ። በሐምሌ 1906 በሶልስበሪ ከፕሊመዝ አሜሪካውያን መንገደኞችን ይዞ የመጣ ባቡር ኩርባ ላይ ተገልብጦ 28 ሰው ሞተ። በመስከረም ወር በግራንተም 14፣ በጥቅምት 1907 ደግሞ በሽሩስበሪ 18 ሰው አለቀ። ሦስቱም የደረሱት ባቡሮቹ ፍጥነት መቀነስ ወይም መቆም ባለባቸው ቦታ በከባድ ፍጥነት ሲገቡ ነው። በሶልስበሪ ገደቡ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ባቡሩ ከዚያ እጅግ በላይ ይሄድ ነበር። ችግሩ የሐዲዱ ጥገና አልነበረም። ይህ ለእነዚያ ባለ መዶሻ ሰዎች ምስክርነት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ምስክርነቱን ያኔ ማን ሰጣቸው? ሐዲዱ ሲችል የሾፌሩና የሞተሩ ስም ይነሣል። መስከረም 1 ቀን 1905 በኤሴክስ ግዛት በዊተም ጣቢያ ወደ ክሮመር የሚሄድ ፈጣን ባቡር ሐዲድ ስቶ 11 ሰው ሲሞት ግን፣ ምርመራው ዓይኑን የጣለው ባቡሩ ከመድረሱ በፊት እዚያው ሲሠሩ በነበሩ የሐዲድ ሠራተኞች ላይ ነው። መመርመራቸው ተገቢ ነበር፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ነገር ግን ይህ ዓይነት ሰው በሕዝብ ፊት የሚቀርበው ጥፋት ሲፈለግ ብቻ መሆኑ ስለ ክብሩ የተነገረውን ያሳንሰዋል። ባቡሮች በሚመላለሱበት መስመር ላይ፣ በሁለት ባቡር መካከል ባለች ጥቂት ደቂቃ፣ ፈትቶ መልሶ መግጠም ግዴታው ነው። ጊዜውን የሚወስነው እሱ አይደለም፤ ተጠያቂው ግን እሱ ነው።

አድናቂ፦ ሕዝቡ ፊት የቀረቡት በጥፋት ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው አሌግዛንደር አንደርሰን በኪርኮነል መንደር የሐዲድ ሠራተኛ ሆኖ እየሠራ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛና ስፓኒሽ በራሱ ጥረት ተምሯል፤ ስለ ባቡርና ስለ ሥራው የጻፋቸውን ግጥሞች «ሐዲደኛው» በሚል የብዕር ስም አሳትሞ በአገሩ ታውቋል። የሞተው በዚሁ ዘመን፣ በ1909 ነው። አየርላንዳዊው ፓትሪክ ማጊልም በግሪኖክ ከተማ በካሌዶኒያን ኩባንያ ሐዲድ ላይ ሲሠራ ነው የመጀመሪያ ግጥሞቹን ያሳተመው። ጎጆዋ ውስጥ መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ ሥራው አእምሮን የሚያደነዝዝ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ከዚያ ባልወጡ።

ተጠራጣሪ፦ ቃሉ እንደተባለው ነው፤ ወጡ። አንደርሰን በ1880 ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄደ፣ ማጊልም ወደ ለንደን ጋዜጣ። ሁለቱም አእምሯቸው ሲታወቅ ሥራው ሊይዛቸው አልቻለም። ቀሪዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ግን እዚያው ከረሙ። የእነሱ ድምፅ የሚሰማው በግጥም ሳይሆን በማኅበር መሆን ነበረበት፤ በዚህም በኩል ዕድላቸው ጠባብ ነበር። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ከ1871 ጀምሮ ቢኖርም፣ አምስት አምስት ሆኖ በገጠር የተበተነን ሰው ማደራጀት አንድ ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡ ሾፌሮችን እንደ ማደራጀት አይቀልም። የታፍ ቬል ኩባንያ በ1900 አድማ ምክንያት ማኅበሩን ከስሶ በረታ፤ ማኅበሩ 23,000 ፓውንድ ካሳ ከፈለ። ፓርላማ በ1906 ሕጉን እስኪቀይር ድረስ አድማ መጥራት ማኅበርን ለኪሳራ መዳረግ ነበር።

አድናቂ፦ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1907 ማኅበሩ ለሁሉም የሥራ ዘርፍ አንድ ላይ ጥያቄ አቀረበ፤ ከሾፌር እስከ ሐዲድ ሠራተኛ። የንግድ ቦርድ ኃላፊ የነበረው ሎይድ ጆርጅ ኩባንያዎችንና ሠራተኞችን አሸምግሎ የእርቅ ቦርዶች እንዲቋቋሙ አደረገ። የሐዲድ ሠራተኛ ተወካይ ከኩባንያው ሰዎች ፊት ተቀምጦ ስለ ደመወዙ የሚከራከርበት ወንበር አገኘ።

ተጠራጣሪ፦ ወንበሩን አገኘ፣ ማኅበሩን ግን ኩባንያዎቹ አላወቁለትም። ቦርዶቹ አዘገሙ፣ ኑሮ ተወደደ፤ በነሐሴ 1911 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የባቡር አድማ ተነሣ። ሁለት ቀን ብቻ ቢቆይም መንግሥት ወታደር አሰማርቶ ነበር፤ በዌልስ ላኔሊ ከተማ ነሐሴ 19 ቀን ሁለት ሰዎች በወታደር ጥይት ተገደሉ። በ1913 ሦስት ማኅበራት ተዋሕደው ብሔራዊ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት ነው የሐዲድ ሠራተኛው ከሌሎች ዘርፎች ጋር በአንድ ጣሪያ የቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት መስጠት ይቻላል። 37,000 ኪሎ ሜትር መስመር ለ4 ኪሎ ሜትር ድርሻ ሲካፈል ከ9,000 በላይ ቡድን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ፓውንድ የሚከፈለው ጠባቂ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ሰው ቢቀጠር ወጪው በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነው። በ1910 የኩባንያዎቹ ጠቅላላ ገቢ 124 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ከ200 ፓውንድ አንዱን እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ቆሞ ፊሽካ ቢነፋ ስንቱ ለጎጆው ምሳ ይደርስ እንደነበር ማሰብ ያማል። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ አልወጣም እንጂ።

አድናቂ፦ ስሌቱ ከባድ ነው፣ የሚታለፍም አይደለም። ነገር ግን ገቢ ትርፍ አይደለም። ከ124 ሚሊዮኑ ከስድሳ በመቶ በላይ ለሥራ ማስኬጃ ይወጣ ነበር፤ የከሰል ዋጋ ጨምሯል፣ የአካባቢ ግብርም ከብዷል። የጭነት ዋጋን ደግሞ ኩባንያዎቹ እንደፈለጉ ከፍ ማድረግ አይችሉም ነበር። የ1894ቱ አዋጅ ጭማሪ ያደረገ ኩባንያ ነጋዴ ከከሰሰው ምክንያታዊነቱን እንዲያስረዳ ያስገድደው ነበር፤ ስለዚህ ዋጋው ረግቶ ቆየ። ርካሽ ጭነት የፈለገው ነጋዴው ነው፤ ርካሽ ትኬት የፈለገው መንገደኛው ነው። ፓርላማ ሁለቱን ጠበቀ። በሐዲዱ ሠራተኛ ላይ የደረሰው በደል የኩባንያ ክፋት ብቻ ተደርጎ ከተቆጠረ ዕዳው ከትክክለኛ ባለዕዳዎቹ ላይ ይነሣል።

ተጠራጣሪ፦ ባለዕዳው ይብዛ፤ ዕዳው ግን አይቀንስም። ከአድማው በኋላ በ1913 የወጣው አዋጅ ኩባንያዎች የደመወዝ ጭማሪን ለማካካስ የጭነት ዋጋ እንዲጨምሩ ፈቀደ። ለሃያ ዓመት አይቻልም የተባለው ነገር ሁለት ቀን ባቡር ሲቆም ተቻለ። ባለ አክሲዮኖቹም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ድርሻቸውን ሲቀበሉ ነበር። ሕግ ነጋዴውን ሲጠብቅ፣ ትርፍ ባለ አክሲዮኑን ሲጠብቅ፣ ሽብልቅና ርችት መንገደኛውን ሲጠብቁ፣ ሁሉም የተደገፉበት ሰው ብቻ ያለ ጠባቂ ቀረ። ድርሻውን እንደ ቤቱ ደጃፍ ማወቁ ለመንገደኛው ደኅንነት ሰጠው፤ ለእሱ ግን ከማኅበርተኛ የራቀ፣ ከተቆጣጣሪ ዓይን የተሰወረ፣ ሲሞት ምስክር የሌለው ኑሮ ሰጠው።

አድናቂ፦ ያ ዕውቀት ግን የተገኘው አንድ ሰው ለአንድ ቁራሽ መስመር ዕድሜ ልኩን በመሰጠቱ ነው። ድርሻ የማካፈሉ ሥርዓት ከኤድዋርድ ዘመን በኋላ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን አልፎ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል፤ በመኪና ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ቡድኖችና የጥገና ማሽኖች ሊተኩት ሲመጡም የአሮጌውን ካቦ የቦታ ዕውቀት ከሰውየው ጋር ጡረታ እንዳይወጣ ማድረግ ከባድ ነበር። ደመወዙ ሊታረም ይችል ነበር፣ ጠባቂው ሊቆም ይችል ነበር፣ የ1902ቱ ደንብም ፍርዱን ከካቦው ላይ አንሥቶ የቡድኑን ዝቅተኛ ቁጥር በጽሑፍ ሊወስን ይችል ነበር። ይህ ሁሉ የማለዳውን ጉዞ ሳያስቀር የሚደረግ ነው። ሥርዓቱ ጥፋተኛ ከተባለ ክሱ መቅረብ ያለበት በድርሻ አከፋፈሉ ላይ ሳይሆን በቡድኑ ውስጥ በነበረው የሰው ቁጥር ላይ ነው።

ተጠራጣሪ፦ የሰው ቁጥሩን የወሰነው ግን ያው ሥርዓት ነው። ኩባንያው ድርሻውን ለካቦው ሲሰጥ ከነኃላፊነቱ ሰጠው፤ ሰው ሲያንሰው ካቦው ራሱ አካፋ ይዞ ይሞላዋል፣ ሐዲዱም ጸንቶ ይውላል። ጸንቶ ከዋለ ደግሞ አራት ሰው ይበቃል ማለት ነው፤ አምስተኛ ለመጠየቅ ማስረጃ የሚሆነው የሰመጠ ሐዲድ ብቻ ነው፣ ያን ደግሞ ኩሩ ካቦ አያሳይም። ሥራውን አብልጦ የወደደ ቡድን፣ ሰው የሚጨመርለት የመጨረሻው ቡድን ነበር።